ከተዘጋው ደጅ በስተኋላ
ስለ ፍርሃትና ስለ አሮጌ ቁስል የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰው ፍርሃት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነገረው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ላይ ነው። አዳም ትእዛዙን ካፈረሰ በኋላ የፈጣሪውን ድምፅ በገነት ሰምቶ ፈራ፤ ፈርቶም በዛፎች መካከል ተሸሸገ። መፍራትና መሸሸግ እንደ መንታ ተከታትለው መጡ ማለት ነው። ፍርሃት ከጥንት አንሥቶ መሸሸጊያ ይፈልጋል፤ መሸሸጊያውም በተራው ፍርሃቱን ይመግበዋል። እግዚአብሔርም አዳምን የት እንዳለ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ይህን የጠየቀው ስፍራው ጠፍቶበት አይደለም፤ አዳም ያለበትን በራሱ አንደበት እንዲናገር ነው እንጂ። እንግዲህ ከፍርሃት የመዳን መንገድ የሚጀምረው ሰው የት እንደ ተሸሸገ ከመናገር ነው ብንል ከመጽሐፉ አልራቅንም።

ይህን ርእስ ለዚህ እትም የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዴንቨር፣ በአውሮራና በሊትልተን የምንገኝ ምእመናን፣ በተለይም ዕድሜያችን ከስድሳ የዘለለው፣ ከሀገር ስንወጣ ጥቂት ልብስና ብዙ ዝምታ ይዘን ወጥተናል። በሱዳን በረሃ ያለፈ አለ፤ በኬንያ መጠለያ ዓመታት የቆጠረ አለ። አሁን ቤት ሠርተን፣ ልጆች አስተምረን፣ በሮኪ ተራሮች ግርጌ በሰላም እየኖርን፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ ልባችን የሚዘልብን ብዙዎች ነን። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር መዳፉ በላብ የሚርስ አለ። ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ሲደምቅ፣ የማይታወቅ እንግዳ ሲገባ ወሬው በድንገት ስለ በረዶና ስለ መኪና ዋጋ ይሆናል። ስሙን በስልክ ለማንም የማይናገር፣ ፎቶግራፍ ሲነሣ ፊቱን የሚያዞር ሽማግሌም እናውቃለን። ልጆቻችን ይህን ሁሉ እንደ ጠባይ ይቆጥሩታል። ጠባይ ግን አይደለም፤ ከ1969 እና ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ያልሻረ ቁስል ነው።

የዘመኑን ነገር በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ በአዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ላይ ደም የመሰለ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ሰባብረው የጠላት ደም እንደሚፈስ አወጁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። በየቀበሌውና በየከፍተኛው እስር ቤት ተከፈተ፤ የወጣቶች ሬሳ በላዩ ጽሑፍ እየተለጠፈበት በመንገድ ዳር ተጣለ፤ ወላጆች ልጃቸው ለተገደለበት ጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ ተጠየቁ። ከሁሉ የከፋው ግን ለቅሶ መከልከሉ ነው። እናት ልጇን አጥታ ነጠላዋን እንዳታዘቀዝቅ፣ ጎረቤትም እንዳያጽናናት ተደረገ። ሐዘን በአንደበትና በዕንባ መውጫውን ሲያጣ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ በዚያም ፍርሃት ይሆናል።

ይህ ቁስል ከእኛው መካከል ሳይጠበቅ የተገለጠበትን ጉዳይ ከዚህ አካባቢ የቆየ ሁሉ ያስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዴንቨር አካባቢ በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያውያን መመገቢያ ቤት፣ በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ ከፍተኛ 15 ታስሮ የነበረ አንድ ወገናችን፣ ከሠላሳ ዓመታት በላይ በኋላ የእስር ቤቱን ጠባቂ ፊት ለፊት አየው። ሰውየው ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኬንያ ወደ አሜሪካ የገባው ግን በሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ቤተሰብ አባት መስሎ ነበር፤ በ2010 በዚያው ስም ዜግነት አግኝቷል። ያወቀው ሰው ዝም አላለም። መንግሥት ምርመራ አደረገ፤ ተከሳሹ በ2012 ተያዘ፤ በ2013 በዴንቨር በሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ፤ በግንቦት 2014 ዳኛ ጆን ኬን የ22 ዓመት እስራት ፈረዱበት። ይህም ለተከሰሰባቸው ወንጀሎች ሕጉ ከሚፈቅደው ከፍተኛው ቅጣት ነበር።

ልብ ማለት ያለብን አንድ ነገር አለ። ሰውየው የተከሰሰው በድብደባውና በግድያው አልነበረም፤ የዚህ ሀገር ሕግ በፊቱ ያቀረበው ዜግነትን በሐሰት ማግኘቱን፣ የሌላውን ማንነት መጠቀሙንና በቪዛ ማጭበርበሩን ነው። ይሁን እንጂ የቀድሞ እስረኞች በዚያ አዳራሽ ቆመው በከፍተኛ 15 ያዩትንና የደረሰባቸውን ተናገሩ። አንዳንዶቹ ይህን ከዚያ በፊት ለትዳር ጓደኞቻቸውም ሳይናገሩት ኖረው እንደ ሆነ ብንገምት ከእውነት የራቅን አይመስለንም፤ በእኛ ትውልድ ዘንድ ልማዱ ይኸው ነውና። የምድር ፍርድ ቤት ወሰኑ ጠባብ ነው። ለሟቾቹ ነፍስ ሊፈርድ አልቻለም። ለምስክሮቹ ግን የተሸሸገውን ነገር ወደ ብርሃን የሚያወጡበት ስፍራ ሆነላቸው።

ደግሞም የአሳዳጁን ሁኔታ እንመልከት። ያ ሰው ዓመታት ሙሉ በራሱ ስም ሊጠራ አልቻለም። አዳም ከዛፍ በስተኋላ፣ እርሱም ከሌላ ሰው ስም በስተኋላ። የተበዳይና የበዳይ ፍርሃት በምክንያት የተለያየ ነው፤ በሁለቱም ቤት ግን መጋረጃው ተዘግቶ ይኖራል።

በዚያን ወቅት ከምእመናን መካከል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ዛሬም ይነሣል። ክርስቲያን የበደለውን ይቅር ማለት እንጂ ወደ ሸንጎ ማቅረብ ይገባዋልን? የሚል ነው። ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ነውና በንቀት አናልፈውም። ሆኖም ይቅርታንና ዝምታን አንድ የሚያደርግ አስተሳሰብ ከወንጌል የተገኘ አይደለም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ መልሶ አልመታም፤ ነገር ግን ክፉ ተናግሮ እንደ ሆነ እንዲመሰከርበት፣ መልካም ከሆነ ደግሞ ስለ ምን እንደ ተመታ ጠየቀ (ዮሐ. 18፥23)። ሐዋርያው ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ በስውር ልቀቁት ሲባል እምቢ ብሎ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አደረገ (የሐዋ. 16፥37)። በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 12 በቀልን ለእግዚአብሔር እንድንተው ያዘዘው ይኸው ሐዋርያ፣ ወዲያው በምዕራፍ 13 ባለ ሥልጣን ክፉ አድራጊን እንዲቀጣ ከእግዚአብሔር የተሾመ መሆኑን ያስተምራል። በቀልን መተው ማለት እውነትን መደበቅ ማለት አይደለም።

የዮሴፍ ታሪክም ይህንኑ ያሳየናል። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ወደ ግብፅ በወረዱ ጊዜ ዮሴፍ ወዲያው አቅፎ አልሳማቸውም። ፈተናቸው፤ የሆነውን ነገር በራሳቸው አፍ ሲናገሩት ሰማ፤ ከእነርሱ ዞር ብሎም አለቀሰ። ማንነቱን በገለጠ ጊዜ የነገራቸው ወደ ግብፅ የሸጡት ወንድማቸው መሆኑን ነው፤ ሽያጩን አልሸፋፈነውም። በመጨረሻም ክፋታቸውን ክፋት ብሎ ጠርቶ፣ እግዚአብሔር ግን ያንን ወደ በጎ እንደ ለወጠው ነገራቸው (ዘፍ. 50፥20)። ይቅርታ ከልብ የሚሆነው በደሉ በስሙ ሲጠራ ነው። ስሙ ያልተጠራ በደል ይቅር ሊባል አይችልም፤ ይሸፈናል እንጂ። በነገራችን ላይ፣ ያልተበደለ ሰው በተበደለው ፋንታ ይቅርታ የማወጅ ሥልጣን የለውም፤ «እርሳው፣ አልፏል» የሚለውን ምክር ለሰው ከመስጠታችን በፊት ብናስብበት ይበጃል።

አሁን ወደ ትምህርታችን ዋና ነገር እንምጣ። በትንሣኤ ቀን ምሽት ደቀ መዛሙርት ከፍርሃት የተነሣ ደጁን ዘግተው በአንድ ቤት ተሰብስበው ነበር (ዮሐ. 20፥19)። መምህራቸው በአደባባይ ተገድሏል፤ የገዳዮቹ እጅ ገና አልታጠፈም፤ በደጅ የሚሰማ ኮቴ ሁሉ የወታደር ይመስላል። የከፍተኛና የቀበሌ ዘመን ያለፈበት ሰው ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ያነበዋል። ጌታም ደጁ እንደ ተዘጋ ገብቶ በመካከላቸው ቆመ፤ ሰላምን ሰጣቸው፤ ቀጥሎም እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው።

ከሞት የተነሣው አምላክ ቁስሉን ማጥፋት ይችል ነበር። ሞትን ያሸነፈ ለችንካር ምልክት አያንስም። ነገር ግን ምልክቱን በከበረ ሥጋው ላይ አስቀረው፤ በስምንተኛው ቀንም ቶማስ እንዲዳስሰው ፈቀደ። ቤተ ክርስቲያናችን ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሳምንት ስትሰይም ማክሰኞን በቶማስ፣ ሐሙስን በአዳም ስም ጠርታለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ የተሸሸገውን አዳምንና ቁስሉን ያልሸሸገውን ክርስቶስን አብረን እናስባለን። እምነት ያለፈውን ሥቃይ ከመዝገብ የሚፍቅ አይደለም። ቁስሉ ይቀራል፤ ሥራው ግን ይለወጣል፤ ያስፈራ የነበረው ምልክት ለሌላው ሰው ማመኛ ይሆናል። ቶማስ አምላኩን ያወቀው በቁስሉ በኩል ነውና።

ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ሌላ ነገርም በዚያው ምዕራፍ አለ። ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ እንደገና በተሰበሰቡ ጊዜ ደጁ ዛሬም ተዘግቶ ነበር (ዮሐ. 20፥26)። ጌታን በዓይናቸው አይተዋል፤ ደስ ብሏቸዋል፤ የሰላሙን ቃል ሰምተዋል፤ ቁልፉን ግን ገና አልፈቱም። ጌታም ስለ ተዘጋው ደጅ አንድም የተግሣጽ ቃል አልተናገራቸውም። እንደ ገና ገባ፤ እንደ ገና ሰላም ሰጣቸው። ደጁ ወለል ብሎ የተከፈተው በጰራቅሊጦስ ቀን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ እየቆረበ፣ እየጾመ፣ እየጸለየ ሌሊት ግን በቅዠት የሚነቃ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር «እምነቴ ጎድሏል» ብሎ ራሱን አይኮንን። ፍቅር ሲፈጸም ፍርሃት ማደሪያ እንደሚያጣ ሐዋርያው ዮሐንስ አስተምሯል፤ መፈጸም ደግሞ ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው። እርሱ ራሱ በዚያ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነበረ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው በጥንቃቄ የሚነገር ነው። ከቀይ ሽብር ከተረፉት መካከል ዝም ያለው ሁሉ የተበደለ ብቻ ሆኖ አይደለም። እግሩ ተገልብጦ ሲገረፍ የጓደኛውን ስም የተናገረ አለ፤ ወንድሙ ሲወሰድ በጣራ ላይ የተደበቀ አለ፤ ጓደኛው ሞቶ እርሱ በመትረፉ ብቻ ሕይወቱን እንደ ዕዳ የሚቆጥር አለ። እነዚህን ሰዎች የሚያስፈራቸው የደርግ ወታደር አይደለም፤ የሟቹ እናት ናት። ለእነርሱ የምናቀርበው ጴጥሮስን ነው። ጴጥሮስ ጌታውን የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ ፍም ዳር ቆሞ እሳት እየሞቀ ነው (ዮሐ. 18፥18)። ከትንሣኤ በኋላም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ምግብ ያዘጋጀው በፍም ላይ ነው (ዮሐ. 21፥9)። ወንጌላዊው በሁለቱም ስፍራ ፍሙን ጠቅሷል። ጴጥሮስ የዚያን ሌሊት እሳት እያየ፣ ሽታው በአፍንጫው እያለ፣ ሦስት ጊዜ የካደውን ሦስት ጊዜ እንደሚወደው እንዲናገር ተጠየቀ። ጌታ ወደ ወደቀበት ስፍራ መለሰው፤ የመለሰውም ሊያሳፍረው ሳይሆን በጎቹን ሊያስጠብቀው ነው።

በግርፋት ብዛት የተነገረ ቃል ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም፤ ሥቃይ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የትኛው ንስሐ የሚገባበት፣ የትኛው መጽናናት የሚያስፈልገው መሆኑን ለይቶ የሚያስረዳ የንስሐ አባት ነው። የንስሐ አባት የተሰጠን ለጾም ፈቃድና ለክርስትና በዓል ብቻ አይደለም። የአርባ ዓመት ሸክም ይዞ ለአባቱ ስለ ዐቢይ ጾም ዓሣ ብቻ የሚጠይቅ ሰው፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ስለ አየሩ ጠባይ አውርቶ እንደሚመለስ በሽተኛ ነው።

ስለ ሐኪም ካነሣን አይቀር፣ በዚህ ሀገር የአእምሮና የስሜት ሐኪም ዘንድ መሄድን የእምነት ማነስ አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። የእኛ ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ግን መጽሐፈ ሲራክን ይጨምራሉ፤ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ታዝዘናል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጠበልና መድኃኒት፣ ካህንና ሐኪም አይጣሉም።

አሁን ደግሞ ስለ ተከለከለው ለቅሶ እንናገር። በዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ሐዘንተኛ ናት። ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳትን በመሾማቸው ተወንጅለው በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በሥውር ተገደሉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ መቃብራቸውም አልታወቀም። አንድ ፓትርያርክ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ማኅሌት፣ ያለ ተዝካር በጉድጓድ ተጣሉ። ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐርፏል። ከ1971 እስከ 1984 ዓ.ም. ያለው ዘመን የተሸሸገ ሐዘን ዘመን ነበር። ዐፅሙ ሲወጣ ሕዝቡ አለቀሰ፤ ያ ዕንባ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ዘግይቶ በመምጣቱ ግን ዋጋው አልቀነሰም።

የእያንዳንዳችን ቤት ግን ጎፋ ገብርኤል የለውም። ልጃቸው የት እንደ ወደቀ ሳያውቁ ያረፉ እናቶች አሉ። ለነዚህ ሟቾች ዐፅም ባይገኝም ስም አለ፤ ቤተ ክርስቲያንም በጸሎተ ፍትሐትና በቅዳሴ ሙታንን የምታስበው በስማቸው ነው። ክርስትና ስም የተሰጠን ለዚህም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን ፎቶግራፍና አጽም ይዟል። እርሱ የታሪክ ሥራ ነው፤ የነፍስን ሥራ የምትሠራው ግን ቤተ ክርስቲያን ናት።

ስደትን በተመለከተም ከእኛ የቀደሙ አሉ። ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ404 ከቁስጥንጥንያ ወደ አርማንያ በተሰደደ ጊዜ በሐዘን ለተሰበረችው ለዲያቆናዊቱ ኦሎምፒያዳ የጻፋቸው 17 መልእክቶች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። እርሱ ራሱ በሽተኛና ግዞተኛ ሆኖ ሳለ የሚያስጨንቀው የእርስዋ መንፈስ መሰበር ነበር፤ ተስፋ የቆረጠ ሐዘን ከስደቱም ከሕመሙም ይልቅ ሰውን እንደሚጎዳ ደጋግሞ ያስተምራታል። በ407 ወደ ሌላ የግዞት ስፍራ በእግር ሲነዳ በመንገድ ዐረፈ። ከግዞተኛ ወደ ሐዘንተኛ የሄደ ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚያጽናና እኛ ስደተኞቹ ከማንም በላይ ልንረዳው የሚገባን ነን። የታመመ ወንድማችንን በስልክ «እንዴት አደርህ» ማለት ከዚሁ ወገን ነው።

በመጨረሻ ስለ ልጆቻችን ጥቂት እንበል። ልጆቻችን እኛ የማንነግራቸውን ከፊታችን ያነባሉ። አባታቸው ስለ 1969 ዓ.ም. ሲጠየቅ ድምፁ ለምን እንደሚለወጥ አያውቁም፤ መለወጡን ግን ያውቃሉ። እነርሱም የራሳቸው ፍርሃት አላቸው። በእኛው በሊትልተን አካባቢ በኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1999 አሥራ ሁለት ተማሪዎችና አንድ መምህር ተገድለዋል፤ በአውሮራ ሲኒማ ቤትም በሐምሌ 2012 አሥራ ሁለት ሰዎች ተገድለዋል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ በክፍል ውስጥ በር ቆልፎ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ከጠረጴዛ ሥር መደበቅን በልምምድ ተምሯል። ከደጅ በስተኋላ መሸሸግን አባቱ በአንድ መንገድ፣ ልጁ በሌላ መንገድ ያውቀዋል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቤት እየኖሩ ሳይነጋገሩ ማለፋቸው ያሳዝናል። የኮለምባይን ወላጆች የልጆቻቸውን ስም እ.ኤ.አ. በ2007 በተመረቀው የክሌመንት ፓርክ መታሰቢያ በድንጋይ አስቀርጸዋል፤ ወደዚያ ከልጆቻችሁ ጋር ብትሄዱና ስሞቹን ካነበባችሁ በኋላ የእናንተንም ሟቾች ስም አንድ በአንድ ብትነግሯቸው፣ ለመጀመር የሚበቃ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን መናገር አያስፈልግም። ለሕፃናት የሚነገረውና ለጎልማሳ የሚነገረው መጠኑ ይለያል፤ የግርፋቱን ዝርዝር ሳይሆን የሰውየውን ማንነት አስቀድሙ፤ ምን ይወድ እንደ ነበር፣ በየትኛው ደብር ተጠመቀ፣ ምን እየተማረ ሳለ ተወሰደ።

ከቀይ ሽብር ዘመን ጀምሮ ፍትሐት ያልተደረገለት ወይም ተዝካሩ ያልወጣ ዘመድ ያላችሁ ምእመናን፣ የሟቹን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፋችሁ ለንስሐ አባታችሁ ብትሰጡ ይበጃል። የክርስትና ስሙ የጠፋባችሁም በዓለማዊ ስሙ ጻፉት፤ የተጠመቀውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። የሞተበትን ቀን የማታውቁ ከሆነ የተወሰደበትን ቀን ጻፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።